«ላ» ከኋላ ነው

ባዩ ቴሽ በሚሉት፣ ውሃው በማይቸኩልበት፣
እግሩ ጡብ የሆነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ቤት፣
ግድግዳው ወገብ ላይ ጎርፍ መስመር አስምሮ
«እመለሳለሁ» ብሎ የሰጠው ቀጠሮ።
እዚያ ነው ኦክታቪ።
ብቻዋን።
ስልኳ ወጥ ቤት ነው፤ በምስማር ተሰቅሎ፣
ሽቦው እንደ አሳማ ጅራት ተጠቅልሎ፣
ዶሮ ሳይጮኽ ገና፣ በአስራ አንድ ሰዓት፣
አርባ ዓመት ሙሉ ነው፣ ሳያሰልስ የሚጠራት።

ክሌዎፋ ነው፤ ከወንዙ ማዶ።
«እንዴት አደርሽ» አይልም፤ አያውቅም ለምዶ፤
«ሳ ቶ ጌን ዳን ሾድዬ-ላ?»
ምን ጥደሻል ማለቱ ነው፣ ምን አለ የሚበላ?
እሷም ወንበር ስባ፣ «ቀይ ባቄላ»፤
ወይም፣ «ምን አገባህ፣ አንተ ሆዳም ሽማግሌ፣
የራስህን ጣድ እንጂ፤ መች ሆንኩልህ ሎሌ!»
ከዚያ የጉልበት ሕመሙ፣ ከዚያ የሽሪምፕ ዋጋ፣
ማን ሞተ፣ ማን ወለደ፣ ሰማዩ እስኪነጋ።

በዚያች ቋንቋ ነው ሁሉም፦
ፓሪስ ብትሰማት ግማሹን የማታውቃት፣
ከባሕር ወዲያ የመጣ ያፍሪካ ትንፋሽ ያልራቃት፣
የሸንኮራ እርሻ፣ በጅራፍ መካከል የወለዳት፣
ልጆቻቸው የሚሰሟት እንጂ የማይመልሱባት፣
የልጅ ልጆች ደግሞ እንደ ቀልድ የሚስቁባት።

ሰባት ዓመቷ ሳለ ያቺው «ላ» አምልጣት፣
አስተማሪዋ ሰማች፤
ጥሬ ሩዝ ወለሉ ላይ በትና አንበረከከቻት።
ሩዝ ለሆድ ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን አወቀች፤
ስትነሣ ሁለት ፍሬ ከጉልበቷ ለቀመች፤
ቋንቋዋንም ይዛ ወጥ ቤት ገብታ ዘጋች።

ማክሰኞ ስልኩ ዝም አለ።
ረቡዕም ዝም አለ።
ሐሙስ መርዶ ነጋሪ በሯን ሳይመታ፣
ጥቁር ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላዋለች ማታ።

ቅዳሜ ቀብር ነው። ለለቀስተኛው ጋምቦ፦
ባሚያው ተከትፎ፣ ቋሊማው ተቆርጦ፣ ዶሮው ታጥቦ፣
መጀመሪያ ግን «ሩ»። ዘይትና ዱቄት፣ እኩል በእኩል፣
ማንኪያው ዞሮ የሚዞር፣ እጅ የማይቸኩል።
ነጭ ነበር፤ ገለባ ሆነ፤ የለውዝ ቅርፊት ሆነ።
«ሩ» ቅናተኛ ነው፤ ዓይንሽን ካነሣሽ ያራል፤
ያረረ «ሩ» ደግሞ ድስቱን ሁሉ ያመርራል።
ባሏ የሞተ ለታ አላሳረረችም።
ጎርፉ ደረጃውን ሲወጣም አላሳረረችም።

መዳብ ሊመስል አንዲት ትንፋሽ ሲቀረው፣
ስልኩ ጮኸ።
አስራ አንድ ሰዓት ነው።

«ሳ ቶ ጌን... ዳን... ላ ሾድዬ?»

ዴዚሬ ናት፤ የክሌዎፋ የልጅ ልጅ፣ ከሂዩስተን የመጣች፣
ሕፃን ሳለች ከጠረጴዛው ሥር ተኝታ የሰማች፣
ዛሬ በእሱ ወንበር፣ በእሱ ስልክ፣
በጨለማ የምትዳብስ የቃሉን ልክ።

ኦክታቪ ዝም አለች።
ከኋላዋ አንድ ሽታ ተነሣ፤ ለየችው፤
ስድሳ ዓመት ደጅ የቆመ ሽታ፤ ይግባ አለችው።

«"ላ" ከኋላ ነው» አለች።
«ምን አልሽኝ?»
«ከኋላ! ድስቱ ይቅደም፤ እሷ ኋላ ኋላ ትላለች፤
ፊት ፊት ከሄደችማ አስተማሪዬን ትመስላለች።»
«ሾድዬ... ላ።»
«ድገሚ።»
«ሾድዬ-ላ።»
«በይ አሁን ጠይቂኝ።»

ልጅቷ ጠየቀች።
ወጥ ቤቱ ጭስ በጭስ።
«ያረረ ሩ» አለቻት፤ «አንቺው ነሽ ያሳረርሽው፤
ያንን ሆዳም አያትሽን ቁርጥ እሱን መሰልሽው!»

ከዚያ መስኮት ከፈተች።
ያረረውን ከነድስቱ ግቢ ወስዳ አኖረች፤
ሌላ ድስት፣ ሌላ ዱቄት፣ ዘይቱን እንደገና፤
ስልኩ በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ነውና
ሽቦው ተጎተተ፣ ጥቅሉ ተፈታ፣
ቀጥ አለ፣
እስከ ምድጃው ደረሰ።

አርባ ዓመት ሞክራው አታውቅም ነበር።